ከአለንጋው መጥረጊያው

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናቸው። ያደጉትም በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ አሳተሙ። ዘመኑ የጃፓን አድናቆት ዘመን ነበር። ሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን የተቀረጸው በጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት አምሳል ነው። የዚያ ጊዜ ምሁራን ንጉሠ ነገሥቷንና ልማዷን ሳትለቅ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የኃያላን እኩያ የሆነች የእስያ አገር ምስጢሯ ምን እንደሆነ አጥብቀው ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው ከዘጠና ዓመት በኋላም አልሞተም፤ ዛሬ የሚነሣው ግን በወላጅና መምህራን ስብሰባ ላይ ነው። «የጃፓን ልጅ ክፍሉን ራሱ ይጠርጋል፣ በሰልፍ ይገባል፣ መምህሩን ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል፤ የእኛው ግን መረን ወጣ» ይባልና ንግግሩ ብዙም ሳይርቅ ወደ አርጩሜ ይዞራል። ልጆች መቀጣት ስላቆሙ ሥርዓት ጠፋ፣ ጃፓንን ብንመስል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር የሚል መደምደሚያ ይከተላል።

ይህ መደምደሚያ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ የተሳሳተውም ስለ ጃፓን ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችንም ነው። በጃፓን ትምህርት ቤት የሚያስቀናውና የሚያሳዝነው ነገር ምንጫቸው የተለያየ ነው። የሚያስቀናው ልጆች ራሳቸው እንዲሸከሙት ከተሰጣቸው ሥራ የመጣ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ አዋቂዎች በልጆች አካልና መልክ ላይ ካወጡት ደንብ። የሰሜን ሸዋው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ሁለተኛውን ዓይነት ሥርዓት ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ስለዚህ «እንደ ጃፓን» ስንል ብዙ ጊዜ የምንጠራው የገዛ አለንጋችንን ነው።

ጃፓን ሄደው የኖሩና ልጆቻቸውን እዚያ ያስተማሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚናገሩት በሁለት የተከፈለ ነው። ግማሾቹ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ያለ አዋቂ እጅ በእግራቸው ትምህርት ቤት ሲደርሱ፣ ከምሳ በኋላ ነጭ ሽርጥ ለብሰው ለጓደኞቻቸው ምግብ ሲያድሉ፣ ከዚያም ጨርቅና መጥረጊያ ይዘው ኮሪደሩን ሲወለውሉ አይተው ይገረማሉ። (የጽዳት ሠራተኛ ፈጽሞ የለም የሚባለው ልክ አይደለም፤ አለ፤ ልጆቹ የሚያጸዱት ሠራተኛ ስለጠፋ ሳይሆን ማጽዳት ራሱ ትምህርት ተብሎ በመርሐ ግብር ስለተያዘ ነው።) ግማሾቹ ደግሞ የካልሲ ቀለም፣ የፀጉር ርዝመት፣ የቀሚስ ቁመት ሳይቀር በደንብ መወሰኑን፣ ከሌላው የተለየ ልጅ በአስተማሪም በጓደኛም መገፋቱን አይተው ይሸሻሉ። አድናቂውም ነቃፊውም ያየውን ተናግሯል። ስሕተቱ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ መቁጠር፣ አንዱን የፈለገ ሌላውን መግዛት ግዴታው ነው ብሎ ማሰብ ነው።

እስቲ ማስረጃውን እንየው፤ የጃፓን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና ጃፓን በሒሳብና በሳይንስ ከበለጸጉት የኦኢሲዲ አገሮች ቀዳሚ ሆናለች። ዩኒሴፍ በ2020 ስለ ሀብታም አገሮች ሕፃናት ባወጣው ዘገባም በአካል ጤንነት አንደኛ ናት። በዚሁ ዘገባ ውስጥ በአእምሮ ደኅንነት ከ38 አገሮች 37ኛ ሆና መገኘቷን ግን በየስብሰባው ጃፓንን የሚጠሩልን ሰዎች አይነግሩንም። በ2022 ከአንደኛ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያሉ 514 ተማሪዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። በ2023 የትምህርት ዘመን ለረጅም ጊዜ ከአንደኛና ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀሩት ልጆች ከ340,000 በላይ ነበሩ፤ ጦርነት ወይም ረኀብ ሳይኖር፣ መንገዱ አስፋልት ሆኖ፣ ምሳው ተዘጋጅቶ እያለ የቀሩ ልጆች ናቸው። የዚህን ሁሉ ምክንያት በደንብ ጥብቅነት ላይ ብቻ መጫን አይቻልም። ደንቡ ራሱ ግን ለፍርድ ቀርቧል። ኦሳካ ውስጥ የተፈጥሮ ፀጉሯ ቡናማ የሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በየጊዜው ጥቁር ቀለም እንድትቀባ ተገድዳ በ2017 ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ2021 ስሟን ከክፍል ዝርዝር፣ ወንበሯንም ከክፍሉ በማንሣታቸው ካሣ ፈረደላት፤ የፀጉር ደንቡን ግን ሕጋዊ ነው አለ። የቶኪዮ ከተማ ትምህርት ቦርድ ከ2022 ሚያዝያ ጀምሮ በሥሩ ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፀጉርን አጥቁሩ የሚለውንና መሰሎቹን ደንቦች አስቀርቷል።

ድብደባውስ? ጃፓን መምህር ተማሪን እንዳይመታ በ1947 የትምህርት ሕጓ ከልክላለች። ይህን ብዙ ሰው ሲሰማ ይደነቃል፤ «እንደ ጃፓን ይገረፉ» የሚለው ክርክር የሚጠራት አገር ግርፋትን በሕግ የከለከለችው ከእኛ በፊት ነው። በተግባር ግን፣ በተለይ በስፖርት ክበቦች፣ ዱላው ቀጥሎ ነበር። በ2012 ኦሳካ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል የነበረ የ17 ዓመት ልጅ በአሠልጣኙ ተደጋግሞ ከተመታ በኋላ ሕይወቱን አጠፋ፤ አገሪቱም ደነገጠች፣ አሠልጣኙም ተፈርዶበት፣ ጉዳዩ በየትምህርት ቤቱ ምርመራ አስነሣ። ጃፓን በዓለም ፊት ያስመሰገናትን ሥርዓት ያገኘችው በዱላው ቢሆን ኖሮ ሕጓም ሕዝቧም ዱላውን እንደ ነውር ባልቆጠሩት ነበር።

ኅሩይ ያዩት ጃፓን ሌላም ነገር ያስተምረናል። እሳቸው በደረሱበት ዓመት የአገሪቱ ልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ፊደል የቆጠሩ ነበሩ፤ ይህ ለእኛ እስከ ዛሬ የሚያስቆጭ ታላቅ ሥራ ነው። በዚሁ ጊዜ ግን በየትምህርት ቤቱ የንጉሠ ነገሥቱ የ1890 የትምህርት ቃል ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲነበብ ይሰሙ ነበር፤ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ከጀመረም ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። ሳይጠይቅ መታዘዝ የለመደ ትውልድ ሳይጠይቅ ወደ ጦርነት ተነዳ፣ አገሩም በ1945 አመድ ሆነች። የጃፓን ምክር ቤት ያንን የንጉሠ ነገሥት ቃል በ1948 ዋጋ የለውም ብሎ አነሣው። ዛሬ የምናደንቀው መጥረጊያና የምሳ ተራ ሥሩ የቆየ ቢሆንም፣ የልጆች ምክር ቤትና የክፍል ስብሰባ ተጨምሮበት በአሁኑ መልኩ የቆመው ከዚህ ውድቀት በኋላ፣ ልጆች ራሳቸውን በራሳቸው ማስተዳደር ይማሩ በሚል ሐሳብ ነው።

ወደ ደጋችን እንመለስ። የውጭ አገር ሰው ዓይን የእኛንም አስተዳደግ አይቶታል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ አሳትሟል። (ይኸው ሰው ኋላ ላይ የጃፓኑን አይኪዶ ተምሮ እስከ ማስተማር ደርሷል፤ ኢትዮጵያንና ጃፓንን አወዳድሮም ጽፏል።) የልጅ ትልቁ ምግባር መታዘዝ መሆኑን፣ ልጅ በአዋቂ ፊት ዝም ማለትና መላላክ እንደሚጠበቅበት አሳይቷል። አክብሮቱ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ባለ ሥልጣኑ የሚሄድ ነው፤ እኩያ ከእኩያ ጋር የሚያስተሳስረው ግን የላላ ነው፣ ከታዛዡ ሰው ሥር ሁሉም ለራሱ የሚል ግለኛ አለ የሚል ፍርድም ሰጥቷል። የጃፓን ተማሪ የሚያፍረው ጓደኞቹን ነው፤ የእኛ ተማሪ የሚፈራው መምህሩን ነው። በዚህ ላይ የጃፓንን ጥብቅ ደንብ ብንጭንበት የምናገኘው የተባባሰ ፍርሃት እንጂ ኅብረት አይሆንም።

መሐል ሜዳም ይሁን ሞላሌ፣ ራቤልም ይሁን ዓለም ከተማ፣ የትምህርት ቤቱ ጠዋት አንድ ዓይነት ነው። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ በሩ ይዘጋል። ያረፈደው ውጭ ይቀራል። በመንዝ ብርድ ያረፈደው ልጅ ብዙ ጊዜ ተኝቶ የቆየ አይደለም፤ በጉን አውጥቶ፣ በረቱን ጠርጎ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው። በሩ ሲከፈትለት አንድም በአርጩሜ ይመታል፣ አንድም መጥረጊያ ይሰጠዋል፦ ግቢውን፣ ሲከፋም ሽንት ቤቱን እንዲያጸዳ። ጃፓን ውስጥ መምህሩ ሳይቀር ከልጆች ጋር የሚይዘው መጥረጊያ እኛ ዘንድ የጥፋተኛ ምልክት ነው። የጽዳት ተራ የሚባል ነገር በብዙ ክፍሎቻችን አለ፤ ነገር ግን ተራውም ቅጣቱም በአንድ መጥረጊያ ስለሚፈጸሙ ልጁ የሚማረው ማጽዳት የተሸነፈ ሰው ሥራ መሆኑን ነው። ቢሮ ሲገባ ወረቀቱን መሬት ላይ የሚጥለው፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ቀና ብሎ የማያየው ሰው ይህን ትምህርት በሚገባ ያለፈ ነው።

የክፍል አለቃውን ደግሞ እንመልከት። መምህሩ የሚመርጠው ቁመቱ ረዘም ያለውን ወይም ጎበዙን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አለቃ ይሆናል። ዋና ሥራው መምህሩ ሲወጣ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ የረባሾችን ስም መጻፍ ነው። ወዳጁን ይዘልለዋል፣ የተጣላውን ይጽፈዋል፤ ስሙ የተጻፈው መምህሩ ሲመለስ እጁን ይዘረጋል። የጃፓን ክፍል ግን በየቀኑ ተረኛ አለው፤ ተራው በስም ዝርዝር እየዞረ ለፈሪውም ለዝምተኛውም ይደርሳል። ተረኛው ክፍሉን ያስነሣል፣ ሰላምታውን ይመራል፣ የቀኑን ውሎ በክፍሉ መዝገብ ይጽፋል። ነገ እሱም ተመሪ ስለሚሆን ዛሬ የሚመራቸውን መበደል አይበጀውም። በአንደኛው መንገድ ከ60 ልጆች አንዱ ሹም መሆንን፣ 59ኙ ከሹም መደበቅን ይማራሉ፤ በሁለተኛው ሁሉም ሁለቱንም ይማራሉ።

የዚህ አስተዳደግ ፍሬ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ታይቷል። ኩረጃና የፈተና ስርቆት ስላስቸገረ ተማሪዎች ከየወረዳቸው ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በጥበቃ ሥር እንዲፈተኑ ተደረገ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። የውጤቱ ማነስ መንሥኤው ብዙ ነው፣ ጦርነቱንም ይጨምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከውጤቱ በፊት ያለው ነው፤ 12 ዓመት በሰልፍ የቆሙ፣ በዝምታ የተቀመጡ፣ ተቆጪ ያልጎደለባቸው ልጆች ያለ ጠባቂ እንዲፈተኑ መታመን አልቻሉም። ጠባቂው ሲዞር የሚፈርስ ሥርዓት ከመጀመሪያውም ሥርዓት አልነበረም።

«ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ይሁን፤ የእኛ ባህል ልጅን መቅጣት ነው፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ለባህሉ ያለውን ፍቅር አከብራለሁ፤ ባህሉን ግን ሙሉውን ይቁጠርልኝ። ይህችው ደጋ የስምንት ዓመት ልጅን በማለዳ ከበግ መንጋ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ትልካለች። በጎቹ የቤተሰቡ ጥሪት ሁሉ ናቸው፤ ግብሩም፣ ልብሱም፣ ክፉ ቀኑም በእነሱ ነው። ቀበሮ ሲመጣ የሚወስነው፣ ጉም ሲወርድ መንገዱን የሚፈልገው ልጁ ነው። የቤተሰቡን ሀብት አምነን የሰጠነውን ልጅ ትምህርት ቤት ሲደርስ የክፍሉን ቁልፍና የጠመኔውን ሳጥን አናምነውም። ባህላችን ልጅን አያምንም ማለት እውነት አይደለም፤ የማያምነው ትምህርት ቤታችን ነው።

በኅብረት ሥርዓትም ቢሆን ሌቪን የሰጠው ፍርድ ሙሉ አይመስለኝም፤ ጓሳን ይመልከቱ። ከመንዝ ጌራ በላይ ያለውን ያን ሰፊ የጓሳ ሣር ሜዳ አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ይፈለጋል፤ ቢሆንም ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ባለመብቶቹ ሲስማሙ ብቻ ይከፈታል። የሚመራቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ጥበቃውን በተራ ይወጣሉ፣ ሕግ የጣሰውን ራሳቸው ይቀጡታል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን አስተዳደር ቢያናጋውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበት፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም አሉ። ስለዚህ እኔ ቅጣት ይቅር አላልኩም። ደንቡን ያወጣው፣ ተራውን የሚወጣውና ጥፋቱን የሚዳኘው ያው ሰው ሲሆን ሥርዓት ያለ አለንጋ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቆም ግን የመንዝ ሰው ራሱ አስመስክሯል።

የቤተ ክህነቱ የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው። በየኔታ እጅ ያለውን አለንጋ ሁሉም ያስታውሳል፤ ጨካኝነቱን አልሸፍነውም። ሆኖም ሊቃውንቱን ያወጣው አለንጋው ነው ብሎ ማመን ቀሪውን አለማየት ነው። ተማሪዎቹ ጎጆአቸውን ራሳቸው ቀልሰው፣ አኮፋዳ አንግተው ቁራሽ ለምነው፣ የታመመውን አስታምመው፣ ጀማሪውን ቀደም ያለው እያስጠና ይኖራሉ። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ከየኔታ ፊት ከመድረሱ በፊት በነባሩ ተማሪ በአስነጋሪው እጅ ስንት ጊዜ ያልፋል። እዚያ ዕውቀት ከእኩያ ወደ እኩያ ይሄዳል። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዚህ ቤት የወረሰው አለንጋውንና ሽምደዳውን ነው፤ ተማሪው ተማሪን የሚያስተምርበትንና ራሱን የሚያስተዳድርበትን ጥሎት መጣ።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የመምህሩ ነው፦ «60 እና 70 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ፣ ደመወዜ ከወር ወር ሳያደርሰኝ፣ ያለ አርጩሜ በምን ልያዛቸው?» ይህን የሚል መምህር ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻውን የተተወ ሰው ነው። ይሁንና ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንም ሀብታም አልነበረችም። ሕንፃ የተቃጠለባቸው ልጆች ሜዳ ላይ ተምረዋል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአንድ ክፍል የሚፈቀደው ጣሪያ 50 ነበር፣ ወደ 40 የወረደው በ1980 ነው። ክፍሉን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ሥራውን በተራ ማዞር የብዙ ልጅ ክፍልን አንድ መምህር እንዲይዘው ያስቻለ ዘዴ ነው። አርጩሜ 60 ልጅን አንድ በአንድ ማሳደድን ይጠይቃል፤ መምህሩን የሚያደክመውም እሱ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ሕግ አለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ ከወጣ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈው ዛሬም ስለ አርጩሜ መከራከራችን ለመምህሩ ምትክ መንገድ ሳናሳየው «አትምታ» ብቻ ስላልነው ነው።

ቡድንማ ሞክረናል የሚለኝም አለ፤ አንድ ለአምስት። እውነት ነው፣ ተማሪዎች በአምስት በአምስት ተደራጅተው ነበር፤ ካይዘን የተባለው የሥራ አመራር ዘዴም ከጃፓን መጥቶ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። አንድ ለአምስት በትምህርት ቤት ያልሠራው ግን ቡድን ስለሆነ አይደለም። መሪው ከላይ የተመደበ ጎበዝ ተማሪ ነበር፣ ተራ አይዞርም፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቡድኑ ራሱ የሚወስነው ነገር አልነበረውም። የረባሽ ስም የሚጽፈው አለቃ በአምስት ተባዛ እንጂ አልተለወጠም። የኅብረትን ቅርጽ ወስዶ ሥልጣኑን ከላይ ማስቀረት የቆየ ልማዳችን ነው።

ሴት ልጆችን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝም ይህ ነው። በደጋው ቤት መጥረጊያ የሴት ልጅ ነው። ትምህርት ቤትም የክፍል ጽዳት በዘፈቀደ ሲተው ተመልሶ እሷ ላይ ያርፋል፤ ወንዶቹ ወንበር ላይ ወጥተው አቧራው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። በስም ዝርዝር የሚዞር ጥብቅ ተራ ቢኖር ግን ወንዱ ልጅ በየሳምንቱ ወለል ይጠርጋል፣ ሴቷም ተራዋ ሲደርስ ክፍሉን ትመራለች። ይህን የሚያህል ለውጥ ያለ ምንም በጀት የሚያመጣ ሌላ ደንብ አላውቅም፤ ተቃውሞው ከየት እንደሚነሣም መገመት አያቅትም፤ ከአባቶች ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው የከፋ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል፤ ሰሜን ሸዋም ከዚህ አላመለጠም። ሰላም ወርዶ በሮቹ ሁሉ ሲከፈቱ 5ኛ ክፍል የሚገባው ልጅ 14 ወይም 15 ዓመቱ ይሆናል። ሁለትና ሦስት ዓመት አርሷል፣ ነግዷል፣ ታናናሾቹን አብልቷል፣ ማየት የሌለበትንም አይቷል። ይህንን ልጅ በር ላይ በአርጩሜ የሚቀበለው ትምህርት ቤት በማግስቱ ያጣዋል። የክፍሉን ቁልፍ ሰጥቶ፣ ከታናናሾቹ አምስቱን ፊደል አስጠና ብሎ፣ የጽዳቱንም ተራ ከመምህሩ እኩል አስገብቶ የሚቀበለው ግን ሊያስቀረው ይችላል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለዚያ ቀን ዕቅድ የሚያወጡ ከሆነ የክፍል አለቃን ሹመት በተራ መተካትና መጥረጊያን ከቅጣት ዝርዝር ማውጣት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግቡ።